ከሥር ያልታየው አግዳሚ

ባለፈው ማክሰኞ የሳሎኔ የኋላ በር ባዶ አየር ላይ ተከፈተ። በላፍቶ ቁልቁለት ላይ በቋሚዎች ተደግፎ የኖረውን የእንጨት በረንዳ ክረምቱ ሳይገባ በአዲስ ልተካው ወስኜ፣ አናጢው ሳሙኤል ከማለዳ ጀምሮ ጣውላዎቹን ሲነቅል ነበር። ሳሙኤል ከወላይታ የመጣ፣ መዝሙር ሳያንጎራጉር ሚስማር የማይመታ ሰው ነው። ረፋድ ላይ መዝሙሩን አቋርጦ ከታች ጠራኝ።

«ዶክተር፣ እዚህ ጋ ወለሉን የተሸከመውን አግዳሚ ምስጥ በላው ብለውኝ አልነበር?»

«አዎ፤ ዱሮ።»

«ታዲያ የእናንተ ሰፈር ምስጥ መጋዝ የገዛው መቼ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ክንድ የሚያህል ቁራጭ አቀበለኝ። ከታችኛው ጠርዙ ተነሥቶ እስከ ሁለት ሦስተኛው ድረስ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ የቀረው ሢሶ ተቦጭቋል። እኔ አልሳቅሁም።

ያ አግዳሚ ሲገባ የሦስተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ነበርኩ። እናቴ ከሞተች ዓመት አልፎ ነበር። የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከሆነው አባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ቀረን። ከቤታችን በታች እስከ ወንዙ ድረስ የጤፍና የሽምብራ ማሳ ነበር፤ ታክሲ መካኒሳ ላይ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲህ በእግር ነው። በጥር ወር አቧራው ጫማን አልፎ ካልሲ ውስጥ ይገባል።

የክፍል ጓደኛዬ ሲሳይ ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ለአባቴ ስነግረው ጋዜጣውን አጠፈና «ምርጫሽን አከብራለሁ» አለኝ። ይህን ቃል ለብዙ ዓመታት በኩራት ለሰው ስናገር ኖሬአለሁ። እንግዶቹን ምስጥ የበላው በረንዳ ላይ መቀበል ነውር ነው ብሎም እንዲታደስ አዘዘ። ሥራው የተሰጠው ከታች ካሉት የገበሬ ቤተሰቦች ለሚወለዱት አናጢ ለጋሽ ገመዳ ነበር። ጋሽ ገመዳ ክር በተፈጨ የባትሪ ድንጋይ አጥቁረው፣ ወጥረው በመልቀቅ ጣውላው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ያወጡ ነበር፤ እኔ ቲ ስኩዌር በሚባለው የንድፍ ማስመሪያ ከማሰምረው የሚያንስ አልነበረም። ሐሙስ ዕለት የአግዳሚዎቹን ሆድ፣ የታችኛውን ገጻቸውን በሙሉ ለምስጥ መከላከያ በተቃጠለ የመኪና ዘይት ቀብተው ጨረሱና ሄዱ።

ቅዳሜ አባቴ ለሽማግሌዎቹ ማር እንድገዛ መካኒሳ ላከኝ። ስመለስ ደጅ ላይ እጁን በሳሙና ሲታጠብ አገኘሁት።

እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። እንደ ወጉ፣ ቃል እስኪሰጣቸው ድረስ አይቀመጡም። አባቴ በዳገቱ በኩል፣ ከመሬት ያለው ከፍታ ከጉልበት ወደማይበልጥበት ጥግ መራቸው።

«እዚህ ጋ ቁሙ፤ ነፋስ ታገኛላችሁ።»

ለእኔም ውኃ ይዤ ስወጣ ቀስ ብሎ «ውድነሽ፣ አንቺ በወዲያ በኩል ዙሪ» አለኝ።

ትልቁ ሽማግሌ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን...» ሲሉ ወለሉ ጮኸ። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው ገባ፤ ቁርጭምጭሚታቸው ወለም አለ። ሁለተኛው ሽማግሌ ደግፈው እያወጧቸው «ሰውየው ሳይመልስልን ቤቱ መለሰልን። እንሂድ» አሉ። የሲሳይ እናት ገዱ አላማረኝም አለች። ሲሳይ አለቀሰ፤ ግን ታዘዘ። በዓመቱ እናቱ የመረጠችለትን አገባ።

ለእንግዶቹ የሠራሁትን ዶሮ ወጥ እኔና አባቴ ሦስት ቀን በላነው። እሱ በደንብ በላ።

ሰኞ ጋሽ ገመዳ እየሮጡ መጡ። ጎረቤት ደጃችን ላይ ቆሟል።

«የድሮውን የተበላ አግዳሚ በዘይት ቀብተው መልሰው አስገብተውብናል» አልኳቸው። ስለ ጭነትና ስለ እንጨት ጥንካሬ በመምህር ድምፅ አብራራሁላቸው።

«ልጄ፣ ምስጥ የበላው ይፈረፈራል፤ እንዲህ አይጮኽም። ውረጂና ከሥሩ እዪው።»

«ምን ያወርደኛል? ከላይም ይታያል።»

አባቴ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «ተይ ልጄ» አለኝ በለዘበ ድምፅ፤ «ሰው ይሳሳታል።» ሌላ አናጢ አልጠራም። በነጋታው ራሱ ከሥር ገብቶ፣ በተሰበረው ጎን አዲስ አግዳሚ ደርቦ መታና በጣውላ ከደነው። ጋሽ ገመዳን ከዚያ ወዲያ በአካባቢያችን ለሥራ የጠራ ሰው የለም፤ የተማረች ልጅ መስክራባቸዋለችና። የእንጨት መሣሪያቸውን ሸጠው ድንጋይ ሲጭኑ ኖረው ሞቱ።

አሁን ቁራጩን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ መርምሬዋለሁ። ዘይቱ የእንጨቱን ሆድ አጥቁሮ ከቁርጡ ከንፈር ላይ ቆሟል፤ ወደ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ የተቆረጠው ከተቀባ በኋላ ነው። የተቀባው ሐሙስ ነው፤ የተሰበረው እሑድ ነው። በእነዚያ ቀናት እዚህ ቤት የነበርነው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዷ ቅዳሜ ማር ልትገዛ ሄዳለች። ተማሪዎቼ ከዚህ ያነሰ ማስረጃ ይዘው ማለፊያ ውጤት ወስደዋል።

አባቴ ሊድረኝ አልፈለገም፤ ሽማግሌ መመለስ ስለሚያሳፍር እንጨቱ እንዲመልስለት አደረገ። እምቢ ቢለኝ ኖሮ እከራከረው ነበር፤ ምናልባትም እታዘዘው ነበር። «በወዲያ በኩል ዙሪ» ያለኝን የአባት ስስት ነው ብዬ ይዤው ኖሬአለሁ፤ ስስትም ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው። በመጨረሻ ስምንት ዓመት አልጋ ላይ ሲውል አገላብጬ አጥቤዋለሁ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር የምትነገርበት ከሰዓት አይጠፋም ነበር።

በረንዳው ከተነሣ ወዲህ ከበሩ ላይ ሆኜ ሳይ፣ ከጀሞ ኮንዶሚኒየሞች ወዲህ፣ ወንዙ ዳር አንዲት የዛገች ቆርቆሮ ጣሪያ ትታየኛለች። የጋሽ ገመዳ ባለቤት እማማ ጫልቱ ዛሬም እዚያ ናቸው። ይቅርታ ያደርጉልኛል ብዬ አልጠብቅም፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን አላደርግም።

ትናንት ሳሙኤል አዲሶቹን ቋሚዎች ሊተክል ጉድጓድ ሲለካ አስቆምኩት።

«በረንዳው ይቆይ። መጀመሪያ ወደ ታች የሚያወርድ ደረጃ ሥራልኝ።»

«ታች ምን አለዎት ዶክተር?»

ቁራጩን በጋዜጣ ጠቅልዬ በሩ አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። ደረጃው ለቅዳሜ ይደርሳል ብሏል።