አያቴ ደጃቸው ላይ ይጠይቁት የነበረው

አያቴ ከተቀበሩ ወዲህ ቆቦ ውስጥ ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ልቤ ይደነግጣል።

አምና አንድ ሙስሊም ነጋዴ "ቄሳችሁ የቤተ ክርስቲያኑን ማሽላ ወደ ቤታቸው አስጫኑ" ብሏል ተብሎ የሰፈራችን ጎረምሶች ዱላ ይዘው ወጡ። አያቴ ደጃችን ካለችው ድንጋይ ሳይነሱ መንገዱን በከዘራቸው ዘጉና እንደ ልማዳቸው ጠየቁ።

"ልጆቼ፣ ይህን ያለው ከእኛ አንዱ ቢሆን ዱላ ታነሱ ነበር?"

"እሱማ የእኛ ሰው አይደለም፣ አባባ" አለ አንዱ።

አያቴ ቀና ብለው አዩት። ያንኑ ሐሜት እኛው ራሳችን ሰንበቴ ላይ ስንቀባበለው ነበር የከረምነው። ጎረምሶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ።

ትናንት ደግሞ ከዋጃ የመጣ ሹፌር እኒያኑን ቄስ ሰደበ ተባለ። ልጆቹ ዱላቸውን ይዘው መጡና ድንጋይዋ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው የሚጠብቁ ይመስላሉ። ልጠይቃቸው ብዬ ወጣሁ፣ ግን ሳልጠይቅ አጠገባቸው ቆምኩ።

"ና እንሂድ" አለኝ አንዱ።

ምን አይቶ እንደጠራኝ የገባኝ ወደ እጄ ስመለከት ነው። የአያቴን ከዘራ ይዣለሁ፤ እሳቸው እንደሚደገፉበት ሳይሆን፣ ለመምታት እንደሚያዝ በጫፉ።

አባባ፣ ነፍስዎን በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልኝ። እኔን ግን ማን ይጠይቀኝ?