አያ ታከለን ማንም ያልጠየቃቸው ሳምንት

መስከረም አንድ ቀን ጠዋት... ደባርቅ ጭጋግ ለብሳ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን አደረሰዎ» እየተባባለ፣ እኔ አንዲት ቱሪስትና የልጃቸውን ሞት ያልሰሙ አንድ አባት ይዤ ስሜን ተራሮች ላይ ወዳለው የሳንቃ በር ማደሪያ መንገድ ጀመርኩ።

ነገሩ ከባድመ ጦርነት በኋላ ነው። ያኔ አስጎብኚ ነበርኩ። አያ ታከለ ደግሞ ጠመንጃ አንግተው ቱሪስት የሚያጅቡ ስካውት ናቸው። ልጃቸው ከዘመተ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፁ ጠፍቷል።

ጳጉሜን አንድ ቀን መርዶው ቀበሌ ደረሰ። ሽማግሎች ተሰብስበው «በአውዳመት መርዶ አይነገርም፤ መስከረም ሦስት ሲነጋ እንነግራቸዋለን» ብለው ወሰኑ። ለባለቤታቸው ለእትዬ ብርቄም ማንም ትንፍሽ እንዳይል ተማማልን። እስከዚያ አያ ታከለን ከከተማ አርቆ ማቆየት የእኔ ሥራ ሆነ። ስካውት የሚወጣው በተራ ነው፣ እኛ ግን ተራውን አስለወጥንና እሳቸውን አስወጣን። ብልጥ የሆንን መስሎን ነበር!

ቱሪስቷ ከባርሴሎና የመጣች አስተማሪ ናት። ጨዋታ ለማምጣት ያህል «ዛሬ አዲስ ዓመታችን ነው» አልኳት።

«ዛሬ እኛም አገር በዓል ነው፤ ስፔን ውስጥ ያለችው የካታሎኒያ በዓል» አለችኝ።

«የምን ድል ነው?»

«ድል አይደለም... የተሸነፍንበት ቀን ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሰው ሽንፈቱን ያከብራል እንዴ? እሷ ግን አልሳቀችም። እንዳጫወተችኝ፣ ከሦስት መቶ ዓመት ግድም በፊት የስፔን ንጉሥ ጦር ባርሴሎናን ከዓመት በላይ ከቦ፣ በዚች ቀን ያዛት። ካታሎኖች የራሳቸውን ሕግና ሸንጎ ተቀሙ። ከተማዋን ሲከላከሉ የሞቱት ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጎን በጅምላ ተቀበሩ። ዛሬም በዓሉ ሲደርስ ሰው አበባ ይዞ ይሄድላቸዋል።

«እናቴ ልጅ ሳለች በዓሉ ተከልክሎ ነበር» አለችኝ። «ቀኑን ሁሉም ያውቀዋል... ማንም አያነሳውም።»

ይህን ብላ ጎንበስ አለችና ከመንገዱ ዳር አንድ አደይ አበባ ቀጥፋ ድንጋይ ላይ አኖረች።

አያ ታከለ ከኋላ ደረሱብን። «ምን እያለች ነው?»

 ስለ አየሩ ነው ብዬ ልዋሽ አሰብኩ። አበባውን ግን አይተዋል፤ ምን ብዬ ልሸፍነው? እንዳለ ነገርኳቸው።

ጠመንጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ድንጋዩ አጠገብ ተቀመጡ።

«እና በአውዳመታቸው ሙታናቸውን ያነሳሉ?»

«ያነሳሉ።»

«የታደሉ ናቸው።» አበባዋን አየት አደረጉና... «እኔስ ልጄን መች ነው የማነሳው?»

 «ምን... ምን ማለትዎ ነው አያ ታከለ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ‹ከልጅዎ ወሬ አለ?› የማይለኝ ሰው አልነበረም። ወፍጮ ቤት ብሄድ እሱ ነው፣ ከቤተስኪያን ብወጣ እሱ ነው። ይኸው ሳምንት ሊሞላ ነው፣ አንድ የሚጠይቀኝ ጠፋ። አንተም አልጠየቅኸኝ። ጭራሽ ተራዬ ሳይደርስ፣ በዮሐንስ ዕለት ሥራ ውጣ አላችሁኝ። ምነው ልጄ... ይህን ያህል ሞኝ መሰልኋችሁ?»

እንባዬ መጣ። አፍሬም ነበር። ሴትዮዋ ምን ሆናችሁ ስትለኝ በተቆራረጠ እንግሊዝኛ ነገርኳት።  ሄዳ እፍኝ ሙሉ አደይ አበባ ለቅማ መጣችና በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

አያ ታከለ አበባውን ከእሷው አበባ ጎን አኖሩት። አማተቡ። «ነፍስ ይማር» አሉ። ሌላው ሰው ለእሳቸው ሊለው የሚገባውን ቃል፣ እሳቸው ለገዛ ልጃቸው ቀድመው አሉት። 

«ለሽማግሎቹ ‹አውቀው ነበር› እንዳትል» አሉኝ ሲነሱ። «ዝም ብዬ የወጣሁት ብርቄ ይቺን አውዳመት እንኳ በተስፋ ትዋላት ብዬ ነው።»

ቃል ገባሁላቸው። ሳንቃ በር አድረን በማግስቱ ሲመሽ ተመለስን፤ እሳቸውም ቤታቸው ሳይገቡ እኔ ዘንድ አደሩ።

መስከረም ሦስት ሲነጋ ሽማግሎቹ አያ ታከለን ይዘው ቤታቸው ገቡ። እኔም ከኋላ ተከትያለሁ። ትልቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው መርዶውን አረዱ። አያ ታከለ ገና አሁን እንደሰማ ሰው ደረታቸውን እየመቱ ጮኹ። ማወቃቸውን እኔ አውቃለሁ፤ ለቅሷቸው ግን የእውነት ነበር። ሳምንት ሙሉ ታፍኖ የቆየ ለቅሶ ነው።

ያን ጊዜ እትዬ ብርቄ ከጓዳ ወጡ። ጥቁር ቀሚስ ለብሰዋል። የቀሚሱ ጫፍ ገና አልደረቀም። አስሩም ጣታቸው በቀለም ጠቁሯል። ባላቸው ከእኔ ጋር ውለው ባደሩበት በዚያ ሁለት ቀን፣ እሳቸው ጓዳ ገብተው ነጭ ቀሚሳቸውን ጥቁር ቀለም ውስጥ ሲነክሩ ነው የሰነበቱት።

አያ ታከለ ለቅሷቸውን አቋርጠው የባለቤታቸውን ጣቶች አዩ።

«አንቺም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ እትዬ ብርቄ። «ሳምንቱን ሙሉ ማን ጠየቀኝ?»

ከዚያ ወዲህ ልጁ የራቀበት ሰው ባገኘሁ ቁጥር ‹ወሬ አለ?› ብዬ እጠይቃለሁ... መልሱን ባውቀውም።