የሼህ ሀሚድ ጀርባ

ልጅ ሳለሁ የሼህ ሀሚድ ማንጎ ጥላው ከአሶሳ ተነስቶ ባምባሲ ይደርስ ነበር። እሺ፣ ዋሸሁ፤ ባምባሲ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይደክመው ነበር። ግን ያኔ ለእኔ ቁመት እንደዚያ ነበር የሚታየኝ። ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ ቀዳዳ በኩል ብቻ ስለሆነ ሜትር የሚባለውን ነገር ማንም አላስተዋወቀኝም። ይህችን የምጽፍባትን ፊደል እንኳ ከጎለመስኩ በኋላ ያስቆጠረችኝ የእህቴ ልጅ ናት፤ እሷም ስሳሳት በማስመሪያ ጣቴን ትለኛለች እንጂ አትምረኝም።

እኛ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ሰዎች ልጆች ነን። ሼህ ሀሚድ ደግሞ የአገሩ ተወላጅ፣ በርታ ነበሩ። አማርኛን የለመዱት በገበያና በጉርብትና ስለነበር ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የሚሉት። እናቴን «አንተ ዘይነባ፣ ደህና አደርክ?» ሲሏት እሷ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈን አድርጋ፣ «ደህና አደርኩ ሼሁ፣ ጢሜን ልላጭ ስል ነው የደረሱብኝ» ትላቸዋለች። ከእሷ ይልቅ እሳቸው ነበሩ በሳቅ የሚፈርሱት።

መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ወደዚያ ማንጎ ይሮጣል። ፋኖሱ ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ላይ ይንጠለጠላል፤ የቀርከሃ ቁራጭና የበቆሎ ቆረቆንዳ ይነዳል፤ ቀርከሃው እሳት ውስጥ ሲፈነዳ እኛ ጦርነት የተነሳ እያስመሰልን መሬት ላይ እንወድቃለን። ጭሱ ዓይናችንን ያስለቅሰናል፣ እሸቱ ፍሙ ላይ ይንጣጣል፣ ትንኙ ሌላ ሰፈር ፍለጋ ይሄዳል። ሼሁ ያኔ ተረት ሲያወሩ ተቀምጠው አያውቁም። ጅብ ሲሆኑ ያነክሳሉ፣ ዝሆን ሲሆኑ እጃቸውን እንደ ኩምቢ እያወዛወዙ እሸታችንን ይነጥቁናል።

ከዚያ ጥንዚዛዋ መጣች። ከየት እንደመጣች እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዱ ከሱዳን በተጫነ ጣውላ ተደብቃ ነው የገባችው ይላል፤ እኔ በአውቶቡስ ነው ባይ ነኝ፣ የመስኮት ወንበር ይዛ፣ ያንን ረጅም ቀንዷን ወደ ውጭ አውጥታ። እንቁላሏን የማንጎ ልጥ ሥር ትጥላለች፤ ትሉ ሲፈለፈል ግንዱን እየሰረሰረ ይገባል፤ ከቀዳዳው ሥር ደግሞ የመጋዝ ብናኝ የመሰለ ዱቄት ይረግፋል። ዛፉ ለወራት ምንም ያልነካው መስሎ ይቆምና አንድ ቀን ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል።

በእኛ አገር ደግሞ ማንጎ ማለት የልጅ ምሳ፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ የሽማግሌ ችሎት ነው። ሰፈሩ ተሰብስቦ መላ የጠየቀው ሼህ ሀሚድን ነበር። እሳቸውም ፈረዱ፦ ቀዳዳው ጥቂት ከሆነ ትሉ በብስክሌት ሽቦ እየተለቀመ ይውጣና ቀዳዳው በጭቃ ይደፈን፤ ግንዱን ዙሪያውን ከበላው ግን ዛፉ ይቆረጥ፣ ሥሩ ሳይቀር ይቃጠል። ያውም ዝናብ ሳይጥል፤ ጥንዚዛዋ በመጀመሪያው ዝናብ ክንፍ አውጥታ ወደ ጎረቤት ዛፍ ስለምትበር። «ዝናብን አትጠብቅ» ይሉ ነበር፣ «ዝናብ ለእሱ አውቶቡስ ነው።» አውቶቡሱን ከእሳቸው ነው የሰረቅሁት፤ አሁን ታወቀብኝ።

በየግቢው እየዞሩ ጆሯቸውን ግንዱ ላይ ለጥፈው በበትራቸው ያንኳኩ ነበር። የእኛን ማንጎ ያንኳኩ ዕለት ፊታቸው ተለወጠ። ያ ማንጎ እናቴ አገር የለመደችበት ነው። ከወሎ በመጣችበት ዓመት፣ ቋንቋ ሳትችል፣ ሰው ሳታውቅ፣ የሼሁ ባለቤት እማማ ሀዋ ከራሷ ማንጎ ፍሬ አንስታ በእጇ አስጨብጣት ነበር የተከለችው።

«አንተ ዘይነባ» አሏት፣ «ይሄ ይቆረጣል።»

«በሽቦ ብንሞክረውስ ሼሁ?»

«ይቆረጣል። የአንድ ሰው ዛፍ ሲቀር የሁሉ ሰው ዛፍ ይሄዳል።»

አባቴ ቆረጠው። እናቴ መጥረቢያው ሲያርፍ ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ለብዙ ቀንም የጢሙ ቀልድ አልተሰማም።

በዚያው በጋ ሼሁ ተረት ሲያወሩ መቀመጥ ጀመሩ። ግንዱን በጀርባቸው ተደግፈው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ። ጅብ ማነከሱን ተወ፣ ዝሆንም እሸት መንጠቁን ረሳ። እኛ እርጅና ነው ብለን ተውነው። እማማ ሀዋ ከሞተች ብዙም አልቆየም ነበርና ትልልቆቹም «ሐዘን ነው» ይሉ ነበር። ያኔ በተደጋጋሚ የሚያወሩልን ተረት የጥንዚዛና የዛፍ ነበር።

«ጥንዚዛ መጣ። ዛፍን ‹የመሸበት እንግዳ ነኝ› አለው። ዛፍ ‹ቤቴ ሰፊ ነው፣ ግባ› አለው። ጥንዚዛ ገባ። ትንሽ ቆየና ምን አለ?»

«ትንሽ ጠጋ በልልኝ!» ብለን እንጮሃለን።

ዛፉ ይጠጋል። ጥንዚዛ ልጆቹን ይጠራል፤ እንደገና «ትንሽ ጠጋ በልልኝ!»፤ ዛፉ ይጠጋል። በመጨረሻ ንፋስ ዛፉን ሰላም ሊል መጥቶ ትከሻውን መታ ሲያደርገው ዛፉ ይወድቃል። «ዛፍ የለም ነበር» ይሉናል ሼሁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቆሞ የነበረው ልብሱ ነው።»

አንድ ምሽት ይህንኑ ተረት ጨርሰው ለኢሻ ሶላት ተነሱ። ደመናው ከብዶ ነበር፤ ዝናብ ሊጥል ምንም አልቀረውም። ወላጆቻችንም ሊወስዱን መጥተው ቆመዋል። ሼሁ ዞር ሲሉ እሳቱ ጀርባቸውን አበራው። ነጭ ጀለቢያቸው ከትከሻ እስከ ወገብ ቡናማ ዱቄት ለብሷል።

እኔ ደግሞ አፌ ከጭንቅላቴ ይቀድማል።

«ሼሁ! ጀርባዎ ዛሬ ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የዋለው? ጆንያ ይዘን እንምጣ?»

ልጁ ሁሉ ፈነዳ። ልቤ በኩራት ልትበር ደረሰች፤ እንዲያ ያለ ሳቅ በዕድሜዬ አስነስቼ አላውቅም ነበር። ከዚያ ሳቁ ከትልልቆቹ በኩል እየከሰመ መጣ። ሼሁ ጀለቢያቸውን ለማራገፍ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱ፤ አልደረሰም። እንደዚያ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ቀሩ።

አባቴ ፋኖሱን ከቅርንጫፉ አውርዶ ወደ ግንዱ ሄደ። ሼሁ ይደገፉበት የነበረው ቦታ ወንፊት ሆኗል። ብዙው ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኖ ነበር፤ ጭቃውን እየገፋ ግን ትኩስ ዱቄት ይረግፍ ነበር። ለካ ያ ሁሉ መቀመጥ ግንዱን መሸፈኛ ነበር።

 መጀመሪያ የተናገረችው እናቴ ናት።

«የእኔን ሲያስቆርጡ ጀርባዎን አልሰጡልኝም ነበር ሼሁ።»

«ዘይነባ!» አላት አባቴ።

«ተወው፣ ልክ ነህ ዘይነባ» አሉ ሼሁ። «አንተ» ስላሏት ማንም አልሳቀም። «በሽቦ ሞከርኩ። ነገ ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል አልኩ። ሀዋ የተከለው ዛፍ ነው።»

አባቴ ፋኖሱን ዝቅ አደረገና፣ «መሽቷል ሼሁ፣ ነገ በብርሃን እናየዋለን» አለ። ሊደብቅላቸው እንደፈለገ ለእኔ ለልጁ እንኳ ገብቶኛል።

«አይ አሊ። ዝናብ ቀረበ። ነገ መጥረቢያህን ይዘህ ና። የዘይነባን ዛፍ የቆረጠው መጥረቢያ ይሁን።»

በማግስቱ የመጀመሪያውን ምት ራሳቸው መቱ፤ ልጡን እንኳ አልበጣም፣ አባቴ ተቀበላቸው። ግንዱ ሲሰነጠቅ የወጣው ትል የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ አጠገበ፤ ዶሮዎቹ ወፍረው በበር መግባት አቅቷቸው ውጭ አደሩ ብል ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት። ዝናቡ የጣለው ዛፉ አመድ ከሆነ በኋላ ነው። የቀሩት የሰፈሩ ማንጎዎች ዛሬም ቆመዋል።

ያን ምሽት፣ ዛፉ ገና ሲቃጠል፣ ሼሁ ምንጣፋቸውን ከፍሙ አጠገብ አነጠፉና ጠሩን። ከጀርባቸው ምንም አልነበረም፣ ጨለማ ብቻ። ያንኑ ተረት ጀመሩ። 

«ጥንዚዛ ምን አለ?»

ማንም አልመለሰም። እኔ ያን መንደር የማይበቃው አፌን ይዤ መሬት መሬቱን አየሁ። ሼሁ ጠበቁ። የሀዋ ዛፍ እሳቱ ውስጥ ይንጣጣል።

እናቴ ከኋላ መጣች። «ትንሽ ጠጋ በሉልኝ» አለችና ከምንጣፉ ጫፍ ላይ፣ አጠገባቸው ተቀመጠች። ሼሁ ጠጋ አሉላት። ተረቱም ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ እኔን ሲያመሰግን ኖረ። «የሰይድ አፍ ማንጎአችንን አዳነች» ይላሉ፤ ሰርግ ላይ ለቀልድ የምጠራው፣ ለቅሶ ላይ ደግሞ ቀስ ብዬ እንድቀመጥ የምመከረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ሼሁም እንኳ አንድ ቀን አገጬን ቀና አድርገው፣ «አንተ ዋሾ፣ ለምን መሬት ታያለህ? ዱቄቱ የኔ ነበር እኮ» ብለውኛል። ዱቄቱስ የእሳቸው ነበር። ሳቁ ግን የእኔ ነበር፤ ቀስ ብዬ አባቴን በጆሮው ልነግረው እችል ነበርና። ሼሁ ካረፉ ቆይቷል፤ ወደ ኋላ ተዘርግታ ያልደረሰችው እጃቸው ግን ሰው ባሳቅሁ ቁጥር ትመጣብኛለች።

አሁን ተረት የማወራው እኔ ነኝ፤ እናቴ ከተቆረጠው ማንጎዋ ፍሬ ባበቀለችው ዛፍ ሥር። ልጆቹ ሲሰበሰቡ መጀመሪያ ጀርባዬን እሰጣቸዋለሁ። በስልክ መብራት እያበሩ ሸሚዜን ይፈትሻሉ፣ ግንዱን ይፈትሻሉ፣ ይኮረኩሩኛል፣ «ጋሼ ሰይድ፣ ዛሬም ዱቄት የለም!» እያሉ ይንከተከታሉ። ቀልዴ ይመስላቸዋል። እኔም እስኪጨርሱ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ፊቴ ወደ ግንዱ ስለሚዞር፣ ያን ጊዜ ምን እንደሚመስል አንዳቸውም አይተውት አያውቁም።