እናቱ የምታየው ካርታ

ጭነት መጫኛው ግቢ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር አለላችሁ፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ከመነሳቱ በፊት ጎማዎቹን አንድ በአንድ በመዶሻ የሚያንኳኳ። መኪናው የት እንደደረሰ የሚያሳየውን ፕሮግራም እቤቱ ባለ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ራሱ ነው የጫነው፤ የማንም ድርጅት እጅ የለበትም። ነፍሴ ነው እንዲህ ያለ ነገር! እናቱ እቤት ሆና ታየዋለች፤ ትንሽ ከቆመ ወይም ሳይነሳ ከዘገየ ትደውላለች።

ዛሬ የስምሪት ኃላፊው መጥቶ፣ "ያንተን አጥፋው፤ የድርጅቱ ይበቃል" አይለው መሰላችሁ! እኔ ራሴ ደሜ ፈላ።

ሹፌሩ መዶሻውን አስቀመጠ። "ወንድሜ ከነመኪናችሁ ገደል ውስጥ ወድቆ ሲያድር፣ የእናንተው 'በጉዞ ላይ ነው' ይል ነበር። እናቴም እናንተን አምና፣ እራቱን ከድና ጠበቀችው።"

ወዲያው የሹፌሩ ስልክ ጠራ።

"አለሁ እማ፣ ደህና ነኝ። ሰው አቁሞኝ ነው።"