ያልገባኝን ያስተረጎምኩ ቀን

ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ጅቡቲ ሳለሁ አንድ ሰው በእኔ አፍ ተጎዳ።

ጋሽ ወርቁ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። አንገታቸው ላይ ያለው የደም ሥር ጠቦ፣ ከዓመት በፊት አዲስ አበባ ስቴንት የምትባል ትንሽ የብረት ቱቦ ገብታላቸው ነበር። ወደብ ጭነት ሲጠብቁ ግራ ዓይናቸው ለአፍታ ጨለመባቸውና ወደ እኔ መጡ። ቡላኦስ በሚባለው ሰፈር በአንድ የጭነት ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ሾፌሮቹ ፈረንሳይኛ አቀላጥፌ የምናገር ይመስላቸው ነበር፤ እንዲመስላቸው ያደረግሁትም እኔ ነኝ። የማውቀው ግን የወደብ ወረቀት ፈረንሳይኛ ብቻ ነበር።

ክሊኒክ ወሰድኳቸው። ክንዳቸው ላይ መድኃኒት ተወግተው አንገታቸው በሲቲ ስካን ተነሣ። ሐኪሙ ምስሉን እያሳየ ቶሎ ቶሎ ተናገረ። ብረቱ ምስሉን እንደሚያደበዝዘው ገባኝ። “መጥበብ” ያለም መሰለኝ። “መንዳት” የሚለውን በደንብ ሰማሁ፤ ይንዱ ነው ያለው ወይስ አይንዱ? ለምን አልጠየቅሁም? አብረውን የመጡ ሁለት ሾፌሮች ከኋላዬ ቆመዋል። አፈርኩ።

“ምን አለ፣ ልጄ?” አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

“ደህና ነዎት ይላል። ቱቦው ክፍት ነው።”

“መንዳትስ?”

“ይችላሉ።”

ሐኪሙ ገብቷቸው እንደሆነ ጠየቀኝ። ይህቺን እንኳ ተረዳኋት። አዎ አልኩ። ጽፎ የሰጠኝን ወረቀትም ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጭነው ወጡ። ልደውልላቸው እልና ምን ልበላቸው ብዬ እተወዋለሁ። እኩለ ቀን ላይ አላስችል ብሎኝ የሐኪሙን ወረቀት ካርቲየ 3 የሚባል ሰፈር ለሚኖር የፈረንሳይኛ አስተማሪ አሳየሁት። “ቱቦው ውስጡ ጠቧል፤ መንዳት ክልክል ነው፤ በአስቸኳይ ይታከም ይላል” አለኝ። ያኔ ደወልኩ። አያነሱም። ደጋግሜ ደወልኩ።

ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ የዲኪልን ከተማ እንዳለፉ ቀኝ እጃቸው ከድቷቸው መኪናውን እንደምንም ጥግ አስይዘዋል። ከኋላ የመጣ ሾፌር ሲደርስ ምላሳቸው ታስሮ ነበር። ከሞት ተረፉ፤ ንግግራቸው ግን አልተመለሰም።

ሾፌሮቹ “ያ ሐኪም ነው ደህና ነዎት ብሎ የሸኛቸው” እያሉ ሲረግሙት፣ እኔ መሃላቸው ቆሜ እውነት ነው እንደሚል ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። ይህም የእኔ ሥራ ነው።

ኋላ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከናዝሬት ደወሉልኝ። “አንተ ባትኖር በሰው አገር ማን ሐኪም ያሳየው ነበር? ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልህ፣ ልጄ” አሉኝ።

“አሜን” አልኳቸው።

ልጅ ነበርኩ አልልም። ቋንቋው ከበደኝም አልልም። ጋሽ ወርቁን “አልገባኝም” ለማለት ፈረንሳይኛ አያስፈልገኝም ነበር።