መሃላ የማያፈርስ ምሳ

እህቴ በስልክ «ሁለቱም ይምጡ፤ እዚህ እኛ ምግብ ቤት ሰው የሚበላው በየሰሃኑ ነው፣ መሃላ አይነካም» ስትለኝ መጀመሪያ ሳቅሁባት። ቀጥዬ ተናደድኩ። ዘመሮ ከተማ የማስተምራቸው ልጆች እንኳ የቤት ሥራ ሳይሠሩ ሲመጡ እንዲህ ያለ ብልጠት አያመጡም። ግን ምን ታድርግ? ከፋሲካ በኋላ ሰርጓ ነው፤ አባባና አጎታችን ደግሞ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል።

ጸቡ የመጣው አያታችን በተዉት የገብስ ማሳ ነው። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ተቀምጠው ሳለ አባባ በንዴት ብድግ አሉና «ከእሱ ገበታ እጄን ብሰድ እጄን ይቁረጠው!» ብለው ማሉ። እኛ አገር መሃላ ቀልድ አይደለም። አጎታችን ጋቢያቸውን ሰብስበው ራቤል ወዳለው ቤታቸው ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ። ችግሩ፣ እህቴን ከልጅነቷ ጀምሮ ቤታቸው አስቀምጠው ያስተማሯት፣ ለወግ ያበቋት እሳቸው ናቸው። «ከሁለቱ አባቶቼ አንዱ ከቀረ ሰርግ የለኝም» ብላ ቁርጡን ነግራናለች። ካለች ደግሞ አለች ነው፤ ግትርነቷን ከማን እንደወሰደች አውቃለሁ።

የምትሠራው አዲስ አበባ፣ አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ሼፍ ናት፤ አባባ ግን «ወጥ ቤት» ነው የሚሏት። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ምሳ ልጋብዛችሁ አለች። አባባን ይዤ በአውቶቡስ ስሄድ መንገዱን ሙሉ አደረቁኝ።

«እውነት በየሰሃኑ ነው?»

«እውነት ነው አባባ።»

«እንጀራውስ?»

«እንጀራ የለም።»

«እንጀራ ከሌለማ ምኑን ገበታ ሆነ!» አሉና ትንሽ ቀለል አላቸው።

ስንገባ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰው ሞልቷል፣ ድምፅ ግን የለም። የጠረጴዛው ጨርቅ ከመንጣቱ የተነሳ እጄን ላሳርፍበት ፈራሁ። ብርጭቆው ቀጭን፣ አበባው የምር አበባ፣ አስተናጋጆቹ ሲራመዱ ኮቴያቸው አይሰማ። አጎታችን ቀድመው ደርሰው ጋቢያቸውን እስከ አንገታቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። አባባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡና በሰሃኑ ግራና ቀኝ የተደረደረውን ሹካና ቢላ አዩ።

«ይህ ሁሉ ቢላ ማንን ሊያርዱበት ነው?» አሉኝ።

አጎታችን ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል በሳል ሸፈኑት።

እህቴ ማድ ቤት ሥራ ላይ ስለነበረች ጨዋታው ሁሉ በእኔ በኩል ነበር። «አጎትሽን ከብቶቹ ደህና ናቸው ወይ ብለሽ ጠይቂው» ይላሉ አባባ። አጎታችን እዚያው ሆነው ይሰሙና «ደህና ናቸው በያቸው» ይሉኛል። ወይ የኔ ነገር! ሁለቱን አስተርጓሚ ሆኜ ላገለግል ተፈጥሬያለሁ።

ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ ምሳው ተወስኖ በተራ በተራ ይመጣል። ሾርባው ሲቀርብ አባባ ቆባቸውን አውልቀው ተነሱና አባታችን ሆይን ደገሙ። ድምፃቸው ትልቅ ነው። እኔ በኀፍረት ልሞት ደረስኩ። ግን ሰሃን ተሸክሞ ሲያልፍ የነበረው አስተናጋጅ አሜን እስኪባል አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ያን ጊዜ ኀፍረቴ ጠፋ።

ሾርባው የሽንኩርት ነው፣ ከላዩ አይብ ቀልጦበታል። ሽንኩርት ስከትፍ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሽንኩርት እንዲህ ሊጣፍጥ እንደሚችል ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አባባ አንድ ማንኪያ ቀመሱና ማንኪያውን ይዘው ቀሩ።

«ይህን እሷ ናት የሠራችው?»

«እሷ ናት።»

«ወይ ጉድ! እኔ ልጄ ሰው ቤት ወጥ የምትሠራ መስሎኝ…» አሉና ሁለተኛ ማንኪያ ጨለፉ።

ከዚያ ቢላ የማይፈልግ ለስላሳ ዓሣ መጣ። ሰሃኑ ሰፊ፣ ዓሣው ሁለት ጉርሻ የማይሞላ፤ ግን በዚያች ጥቂት ነገር ላይ ስንት እጅ እንደደከመባት ሳስብ አፌ ውስጥ አቆየኋት። አባባ ግን ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

«አየሽው? በግራው ነው እኮ የሚበላው! ምን ነካው ይሄ ሰውዬ፣ ከተማ በገባ በሰዓቱ ሠለጠነ እንዴ?» አሉኝ።

እውነትም አጎታችን ቀኝ እጃቸውን ከጋቢው አላወጡም።

በመጨረሻ የበግ ጎድን ከነአጥንቱ መጣ። ሽታው ብቻውን ያጠግባል። በየጠረጴዛው ሰው ሁሉ በሹካና በቢላ ይቆርጣል። አጎታችን በግራ እጃቸው በያዙት ሹካ ሲወጉት ሥጋው ተንሸራተተ። እንደገና ወጉ፣ እንደገና ተንሸራተተ። ሰሃኑን ሊያቆሙ ሲታገሉ ጋቢው ወደቀና ቀኝ እጃቸው ታየ። ከስቷል፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ደርቀዋል።

«አጎቴ! እጅዎ ምን ሆነ?» ብዬ ጮህኩ።

«ባለፈው ክረምት የጓሳን ደጋ ሳቋርጥ ፈረሱ ጣለኝ። ተይው፣ አሁን አያምም።»

አባባ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ማንም አልነገረኝም» አሉ። ማን ይንገራቸው? የወንድማቸውን ስም እንኳ ፊታቸው የሚያነሳ አልነበረም።

ወንበራቸውን ስበው ተነሱ። የሚወጡ መስሎኝ ነበር። ዞረው ከአጎታችን ጎን ተቀመጡ፤ የወንድማቸውን ሰሃን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ቢላና ሹካውን ትተው ሥጋውን በእጃቸው ከአጥንቱ ይለዩ ጀመር። ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ እጃቸውን እያየሁ ፈራሁ።

«ጋሼ» አሉ አጎታችን። ከጸቡ ወዲህ በዚህ ስም ሲጠሯቸው ሰምቼ አላውቅም። «ጋሼ፣ መሃላውስ?»

አባባ ቀና አላሉም።

«የሚቆረጠው የኔ እጅ ነው። አንተ ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»

አጎታችን በግራ እጃቸው ሹካውን አነሱ። እንባቸው ሰሃኑ ላይ ጠብ አለ፤ አባባ ግን ሥጋውን መለየታቸውን አላቆሙም።