ማሽላው ላይ የሰፈሩት ወፎች

ይህ የሆነው ባለፈው የማሽላ ወቅት ነው። ስንት ሰው ዓይን ላይ መነፅር አስሬ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ሰውነቴን ውርር አድርጎኝ አያውቅም። እስቲ ላጫውታችሁ።

እዚሁ ድሬዳዋ የሠርግ ቪዲዮ እያቀናበርኩ የምኖር ሴት ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ ስልኬን እያየሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። እዚሁ ታይዋን ከሚባለው ገበያችን ያገለገለ የቪአር መነፅር አግኝቼ ከገዛሁ ወዲህ ደግሞ ሌላ ሱስ ያዘኝ። መነፅሩን ያሰረ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሌላ አገር የሄደ ይመስለዋል። «ለምን በዚህ ጭንቅላት የሚያሳርፍ ነገር አልሠራም?» አልኩ። በሙቀትና በባጃጅ ጩኸት መሃል ለሚውል ሰው፣ እርሻ መሃል ተቀምጦ ትንፋሹን የሚያዳምጥበት ሜዲቴሽን።

ዙሪያውን የሚቀርፅ ካሜራ ተውሼ ወደ ገጠር፣ ወደ ቢዮ አዋሌ ወጣሁ። ማሽላው ደርሷል። ባለማሳው ማማ ላይ ቆሞ «ሁዋይ!» እያለ እየጮኸ፣ በወንጭፍ ድንጋይ እየወረወረ ወፍ ያባርራል።

«ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ዝም በልልኝ» አልኩት።

«እኔ ዝም ስል እኮ እነሱ ምሳ ይበላሉ!»

«ትንሽ ብቻ።»

«ወላሂ፣ ለቪዲዮሽ ብለሽ ማሽላዬን ልታስበዪው ነው!» ብሎ እየሳቀ ከማማው ወረደ።

ወፎቹ እንደ ደመና መጡ። የማሽላው ራስ ላይ ተንጠልጥለው ሲንጫጩ እንዴት ደስ አለኝ! ባለማሳው ትዕግሥቱ አልቆ እስኪያባርራቸው ድረስ ቀረፅኩ። ቤቴ ገብቼ የራሴን ድምፅ ጨመርኩበት። «ትንፋሽዎን ቀስ አድርገው ይሳቡ። ምንም የሚያሳስብዎ ነገር የለም» ይላል።

መጀመሪያ የሞከረችው ጎረቤቴ ሙና ናት። አባቷ ኦቦ ኡስማን ዕድሜያቸውን በሙሉ በመልካ ጀብዱ በኩል ያረሱ ገበሬ ናቸው። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ ጎናቸው ዝሏል፤ አንደበታቸውም ተዘግቷል። ለወራት አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ሐኪሙ «ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» ብሏል። ሙና አንድ ቀን «ድምፁ እየጠፋብኝ ነው፤ እንዴት እንደሚጠራኝ ማስታወስ አቃተኝ» ብላ አልቅሳብኛለች።

መነፅሩን ስታወልቅ «አቦ፣ እስቲ ለአባም አድርጊለት» አለችኝ። «እንቅልፍ እንኳ ቢወስደው።»

ይደነግጡ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ግን ቀስ ብዬ አሰርኩላቸው። አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው ጭንቅላታቸውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ አዞሩ። ትከሻቸው ላላ። ሙና በሹክሹክታ «ሊተኛ ነው መሰለኝ» አለችኝ።

ይሄኔ ወፎቹ መጡ።

ኦቦ ኡስማን ቀጥ አሉ። ግራ እጃቸው አልጋው ላይ የሆነ ነገር ይፈልግ ጀመር። ደረታቸው ከፍ ዝቅ አለ፤ ጉሮሯቸው ውስጥ የሆነ ነገር ተንኮረኮረ። የታነቁ መስሎኝ መነፅሩን ላወልቅ ስል እጄን ገፈተሩት። እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት መጣ?

ከዚያ ጮኹ። «ሁዋይ! ሁዋይ!»

ቤቱ የተናወጠ መሰለኝ። ሙና ያዘችውን ብርጭቆ ለቀቀችው። እሳቸው ግን ግራ እጃቸውን እያወናጨፉ «ሚሽንጋ! ሚሽንጋ!» ይላሉ፤ ማሽላው! ማሽላው! በኦሮምኛ። የእኔ ድምፅ እኮ በመነፅሩ ውስጥ «ምንም የሚያሳስብዎ ነገር የለም» እያላቸው ነው!

ወፎቹ ቪዲዮ ናቸው፤ በሳቸው ጩኸት አይነሱም። ኦቦ ኡስማን ወደኛ ዞረው በንዴት እጃቸውን አወራጩ፤ ምን ቆማችሁ ታያላችሁ ማለታቸው ነው። ያኔ ሙና፣ ልጅ ሆና ወፍ ስትጠብቅ ያደገችው ሙና፣ እንባዋ እየወረደ «ሁዋይ!» አለች። እኔም ጮኽኩ። ገጠር ወፍ ከሰፈረ የማንም ማሳ ይሁን፣ ያለፈ ያገደመ ሁሉ ይጮሃል። በአራት ግድግዳ መሃል ሦስት ሆነን ወፍ አባረርን።

ድንገት ኦቦ ኡስማን ዝም አሉ። የቀረፅኩት መጨረሻ ላይ፣ ባለማሳው ሲያባርራቸው፣ ያ ሁሉ ወፍ በአንዴ ብድግ ይላል። እዚያ መድረሳቸው ነበር። ረጅም ትንፋሽ አወጡና ትራሱ ላይ ተመለሱ። መነፅሩን ሳወልቅላቸው ግንባራቸው በላብ ርሷል።

«ቢሻን» አሉ። ውሃ።

ሙና ተጣድፋ ካቀረበችው ውሃ ግማሹ ደረታቸው ላይ ፈሰሰ። እየጠጡ ተኮሳተሩባት።

ከዚያ ወዲህ ኦቦ ኡስማን ብዙ አያወሩም፤ ቃል ይጠፋቸዋል፤ ይሳሳታሉም። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ነገር አንዳንዴ ያጋጥማል ብሎ ሊያስረዳን ሞክሯል። እኔ ግን ማብራሪያውን ከሰማሁ በኋላም መገረሜ አልቀነሰም። ሰው ስሙን እንኳ መጥራት አቅቶት፣ የማያውቀውን ሰው እህል ወፍ ሲበላው ዝም ማለት አልሆነለትም።

አሁን ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ አንዳንዴ ሙናን ሲቆጧት እሰማለሁ። ምን አድርጋ እንደሆነ አላውቅም። ቸኩዬም ቢሆን ቆም ብዬ እስኪጨርሱ አዳምጣለሁ።